ቆዳ ለቆዳ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆዳ ስፍቅ ኖሬ
ቆዳ ምን እንደሆን ገባኝ ገና ዛሬ።

ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ ጨው የበላው በር አለ፤
ሽታዬ ከእኔ ቀድሞ ሰፈሬ እየዋለ
"ፋቂው መጣ" ይሉኛል፣ ስሜን የጠራው የለ።
ስሜ ሙሄ ይማም ነው። በቀን ሁለት መቶ
በእጄ ያልፍ ነበር፣ ሞራው ተፍቆ፣ ሌጦ።

አንድ ቀን ረውዳ፣ ከቴክኖሎጂው ግቢ፣
ባልዲ ይዛ ከበር ቆመች።
"ብጥስጣሹን ስጡኝ" አለች፣ "የምትጥሉትን።"
ሳቅን።
ለቦርከና የምንገብረውን፣
ውሻ እንኳ አሽትቶ ጥሎት የሚሄደውን፣
እንደ ቅርጫ ሥጋ መርጣ፣ መዝና ወሰደችው።
ለምን እንደሆን የጠየቃት አልነበረም፤
እኔም አልጠየቅኩ።

በጥቅምት፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ የእንፋሎቱ ቧንቧ ፈነዳ።
ቀኝ ክንዴ፣ ከክርን እስከ አንጓ፣ ተገፈፈ።
እንደ ሌጦ። ልክ እንደዚያው።
ሥራዬን አውቃለሁና፣ አየሁት፣
ንጹሕ ገፈፋ ነበር።

የሐረጎን ጥምዝምዝ በአምቡላንስ ስንወጣ
መዞሪያውን ቆጠርኩ፤ ከሰባት በኋላ ጠፋብኝ።
ደሴ ሆስፒታል፣ በመስኮቱ ጦሳ
ጉሙን ተከናንቦ ቆሟል።
ለካ ብርድ የሚታወቀው
ሰው የመጨረሻ ልብሱን ሲያጣ ነው።

"ከጭንህ ልጬ እለጥፍበታለሁ" አለ ሐኪሙ፣
"ወይም..." ብሎ ዝም አለ።
"ወይም ምን?"
"ገና ሙከራ ላይ ነው። ኮላጅን ይባላል።
እንደ ስፖንጅ ነው፣ ስስ። ሥጋህ በላዩ ይወጣጣል፣
ግንበኛ በባሕር ዛፍ መወጣጫ እንደሚወጣ።
ግንቡ ሲቆም መወጣጫውን የሚያፈርስ አያሻም፤
ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል።"

"ከምን ነው የተሠራው?" አልኩ። "ከአሳማ ከሆነ ይቅርብኝ፤
ለውዱእ የማጥበው ይህንኑ ክንድ ነው።"

ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ረውዳ ብቅ አለች፤
ነጭ ካፖርት፣ የደከመ ዓይን።
"ከበግ ነው፣ ጋሼ፤ ቢስሚላህ ተብሎ ከታረደ።
ከእናንተው በር ነው፣ ከዚያው ከባልዲው።
ምናልባትም እርስዎ የፋቁት ይሆናል።"

በግራ አውራ ጣቴ ፈረምኩ።

የታችኛው ጥግ ያዘ። የላይኛው አልያዘም፤
መግል ቋጠረ፣ አነሱት፣ ደግመው ለጠፉ።
ረውዳ ደብተሯ ላይ "አልያዘም" ብላ ጻፈች፣
እያየኋት፣ ሳትደብቅ።
ያን ቀን ነው ያመንኳት።

በስምንተኛው ሳምንት ፋሻው ሲፈታ
ሮዝ ነበር፣ የሚያበራ፣ እንደ ሽንኩርት ውስጠኛ ልጣጭ።
"በጉስ?" አልኳት።
"ሄዷል፣ ጋሼ። የቀረው እርስዎ ነዎት።"

አሁን ይህ ክንድ ፀጉር አያበቅልም።
የኮምቦልቻ ሙቀት ሲበረታ ሌላው ገላዬ ያልበዋል፣
እርሱ ደረቅ ነው፣ እንደ እንግዳ።
ግን ውሃ ሳፈስበት አይለበልበኝም፤
ሦስት ጊዜ አፈሳለሁ፣ ሦስተኛውን አዘግይቼ።

ወደ በሩ ተመልሻለሁ። ባልዲውን የምሞላው እኔ ነኝ፤
ጓደኞቼ ይስቃሉ፣ አብሬ እስቃለሁ፣
ብጥስጣሹን ግን በብርሃን ላይ ዘርግቼ እመርጣለሁ።

የወረኢሉ በግ ይሁን የቃሉ፣ የማን ጓሮ
ጌታው ማን ብሎ እንደሚጠራው አላውቅ፣ ያኔም ዘንድሮ፤
ፍቄ የጣልኩት ገላ ገላዬን ሠርቶ አደረ፣
እዳዬን ልከፍል ብፈልገው ሟሙቶ ተሰወረ።

ትናንት ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ያዘች።
ክንዴን ሰበሰብኩ፣ እንደ ልማዴ።
ከዚያ መስኮቱን ከፍቼ
ነፋሱ ይንካው ብዬ ዘረጋሁት።
ነካው።
ተሰማኝ፣ በግማሹ።